ጨው የበላው ግድግዳ

ፈሪ ነኝ። ለትሕትና ብዬ አይደለም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ ስለምሠራ በየቀኑ የሐረጎን ጠመዝማዛ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ዛሬም ድረስ ሚኒባሱ ገደሉን ታክኮ ሲታጠፍ የፊተኛውን ወንበር ብረት ጨምድጄ እይዛለሁ። ረዳቶቹ ለምደውኛል፤ «እሷን መሐል አስገቧት፣ መስኮት አይስማማትም» ይላሉ። እናቴ በሕይወት ሳለች «ፈሪ ለእናቱ ነው፣ ተዉልኝ» ትል ነበር። አባቴ ግን አንድ ቃል ብቻ ነበራቸው፦ «አብሽሪ!»

ይህ ቃል እኛ አገር ለሁሉም ይሆናል። ለታመመ ይባላል፣ ለከሰረ ይባላል፣ ሬሳ ለቀበረም ይባላል። አይዞሽ ማለት ነው። በአባቴ አፍ ሲሆን ግን «አሁን ዝም በይ» የሚልም አለበት።

የምሠራው የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። አፈር በላስቲክ ታስሮ ይመጣል፤ እናደርቀዋለን፣ እንወቅጠዋለን፣ በወንፊት እንነፋዋለን፣ በውሃ በጥብጠን መሣሪያ እንነክርበታለን። ሰው አፈርን ይፈራል ቢሉኝ በፊት እስቅ ነበር። በዚህ ዓለም የማልፈራው ነገር ቢኖር አፈር ነበር። አሁን ግን ዝናብ ደሴ ላይ ቆርቆሮዬን ሲመታው መጀመሪያ የሚመጣብኝ አፈር ነው፤ የአባቴ ቤት አፈር።

አባቴ የደጋ ሰው ናቸው። ከደሴ በላይ ባለው ብርድ አገር ገብስ ሲዘሩ፣ በግ ሲያረቡ ኖረዋል። እናቴ ስትሞት ግን ቤቱ ጠበባቸው። በቀብሯ ሰሞን የመጣ ሰው ሁሉ «አብሽር» ሲላቸው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን «አፈር ልሼ እነሳለሁ» አሉና፣ የእናቴ ወንድም ትተውት የሞቱትን ቆላ መሬት ሊያርሱ ወረዱ። ስንለምናቸው አልሰሙም። እኔ «ደሴ እኔ ጋ ይምጡ» ስላቸው ደግሞ ተቆጡ። ሴት ልጁ ቤት ገብቶ የሚጦር ሽማግሌ መሆን ለእሳቸው ከሞት ይብስ ነበር።

መሬቱ ከቢስቲማ ቁልቁል ብዙ ከተወረደ በኋላ ነው። ተራሮቹ እዚያ ድንገት ያልቁና ሜዳ ይጀምራል። ሜዳው የራሱ ዝናብ የለውም ማለት ይቻላል፤ አንዳንድ ቀን ካፊያ ቢጥልበት ነው። ውሃ የሚያገኘው ላይኛው አገር፣ በሐይቅና በአምባሰል በኩል ሲዘንብ ነው። ያኔ ወንዙ ሞልቶ ከአልጋው ይወጣና ሜዳው ላይ ይተኛል። ለም ደለሉን ወንዙ ዳር ጥሎ፣ ቀጭኑን ውሃ ወደ ረባዳው ይልከዋል፤ ረባዳው ላይ ፀሐይ ትጠጣዋለች። ፀሐይ ግን ውሃውን እንጂ ጨውን አትጠጣም። ጨው ይቀራል፤ በየዓመቱ በላዩ ላይ ሌላ ይጨመርበታል።

አባቴ እዚያ እንደ ደረሱ የመጀመሪያ ሥራቸው ቤት መሥራት ሆነ። የሜዳው ሰው ቤቱን የሚሠራው በእንጨትና በሣር ነው፤ ቀላል ነው፣ ጎርፍ ሲመጣ ውሃው በሥሩ ያልፋል፣ የተበላሸው ይጠገናል። አባቴ ይህን አይተው ሳቁ። «የምስጥ ቀለብ! እኔ የወፍ ጎጆ ውስጥ አልሞትም» አሉ። እሳቸው የሚያውቁት ቤት ግድግዳው ክንድ ሙሉ የሚወፍር የድንጋይ ቤት ነው። ከደጋ ዘመድ አዝማድ ጠርተው ደቦ አወጡ። ድንጋዩ ከወንዙ መጣ፤ ውሃ ያሻሸው ልሙጥ፣ ድቡልቡል ድንጋይ። ድንጋዩን ከድንጋይ የሚያያይዘው ጭቃ ደግሞ ከቤቱ ጓሮ ተቆፈረ። በእኛ ወገን ወግ የቤት ጭቃ ከቤቱ መሬት ነው የሚወጣው፤ ከሌላ ቦታ አፈር ማስመጣት ቤቱን ባዕድ ያደርገዋል ይባላል። ጓሮው ለስላሳ ነበር። «አፈሩ ራሱ ይቆፈርልሻል፣ እንደ ዱቄት ነው፤ አልሃምዱሊላህ» አሉኝ በስልክ፣ በደስታ። እኔም ደስ አለኝ። ድንጋይ ቤት ጥሩ ነው፣ አውሬ አይገባም አልኩ።

በየካቲት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ቢስቲማ፣ ከዚያ ደግሞ የገበያ ዕቃ የጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥዬ። ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ሜዳው ነጭ ነበር። ደጋ ያደገ ሰው ነጭ ሜዳ ሲያይ ውርጭ ነው የሚመስለው፤ በዚያ ንዳድ ውስጥ ውርጭ ማየት ግን ጥሩ ስሜት አይሰጥም። ስረግጠው ቅርፊቱ ኩርሽም አለና እግሬ ሰመጠ። ከቅርፊቱ ሥር የተነፋ ዱቄት፣ ከዱቄቱ ሥር ደግሞ ቀዝቃዛ፣ ሳሙና የነካው የመሰለ ጭቃ። ዝናብ ካየ ወራት ያለፈው ሜዳ ውስጡ እርጥብ ነበር። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ጋዝ በኩራዝ ክር እንደሚወጣ፣ ከሥር ያለው ውሃ በአፈሩ ውስጥ ወደ ላይ ይሳባል፤ ላይ ሲደርስ ውሃው ተንኖ ጨው ይቀራል። ጨውም በተራው የሚያገኘውን እርጥበት ሁሉ ይዞ አይለቅም። ማወቄ ግን አላጽናናኝም። ጫማዬን ከጭቃው ሳላቅቅ የሆነ ነገር ከሥር የያዘኝ መስሎኝ ጮህኩ።

ወንዙ ዳር ያለው ማሽላ ያማረ ነበር። ወደ ቤቱ ስጠጋ የማሾው ማሳ ራሰ በራ ሆኖ አየሁት፤ እዚህ በቅሏል፣ እዚያ የለም፣ የበቀለውም ጫፉ ተቃጥሏል። ከቤቱ ጀርባ ምንም የለም። ሁለት ላሞች ቆመው መሬቱን ይልሳሉ።

ቤቱ ግን ያምር ነበር፤ አልዋሽም። አባቴ በሩ ላይ ቆመው «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ግቢ እንጂ!» ሲሉኝ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ቀና ብለው አይቻቸው አላውቅም። ጎረቤታቸው፣ እዚያው ሜዳ ላይ ተወልደው ያረጁ ሴት ናቸው፣ ወተት ይዘው መጡና በአባቴ ላይ ቀለዱ። «የደጋ ሰው ድንጋይ ካልተጫነው እንቅልፍ አይወስደውም!» አሉ። አባቴም «ያንቺ ቤት ሲያስነጥሱ ይወድቃል» ብለው መለሱ። ተሳሳቅን።

በማግሥቱ ጠዋት ከአባቴ አልጋ ራስጌ ያለውን ግድግዳ አየሁት። አልቦታል። ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጠቁሯል፤ ከጥቁሩ በላይ ነጭ ጢም አብቅሏል። ጢሙን ስነካው ረገፈ። በድንጋዮቹ መካከል የነበረው ጭቃ ወደ ውስጥ ተበልቷል፤ ጣቴን ብሰደው ገባ። ሳላስበው ጣቴን ላስኩት። ጨው ነው፤ ወጥ የሚያጣፍጠው ዓይነት ሳይሆን ምላስ ላይ የሚጎመዝዝ፣ መራራ።

«ምነው ልጄ፣ የሰው ቤት ግድግዳ ይላሳል እንዴ?» አሉ አባቴ ከኋላዬ። «ቁርስ ነፈግኩሽ?»

«አባዬ፣ ግድግዳው ለምን ያልበዋል?»

«አዲስ ቤት አይደለም? ገና አልደረቀም።»

«ጭቃውን ከየት ነው ያወጡት?»

ወደ ጓሮ ወስደው አሳዩኝ። ጉድጓዱ የተቆፈረው ልክ ነጩ፣ ዱቄቱ፣ ላሞቹ የሚልሱት ቦታ ላይ ነበር። በሜዳው ላይ ካለው አፈር ሁሉ የከፋውን መርጠው አውጥተውታል፤ ስለሚቀል። ግን ምን ልበላቸው? በሕይወታቸው ከሐዘን ወዲህ አንድ ነገር ሠርተው ተደስተዋል። «አልጋውን ከግድግዳው ቢያርቁት…» አልኩ። «አብሽሪ!» አሉኝ። ከግድግዳው አንድ የደረቀ ጓል በሻሼ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ኮምቦልቻ ተመለስኩ።

እኛ ጋ መሣሪያ ከመንካታችን በፊት የምንሠራት ቀላል ፈተና አለች። ንጹሕ ውሃ በብርጭቆ ይቀዳል፣ የአፈር ጓል ቀስ ተብሎ ይጨመራል፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ጥሩ አፈር ውሃ ውስጥ ቢፈርስ እንኳ ፍርክስካሹ ሥር ይቀመጣል፣ ውሃው ጥርት ብሎ ይቆያል። የአባቴ ጓል ግን ዙሪያዋን ደመና አወጣች፤ ደመናው እየሰፋ ሄዶ ብርጭቆውን ሞላው። ትንሽ ቆይቼ ባየው ጓል የሚባል ነገር የለም። ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ ውሃ ብቻ ቆሟል።

የዚህ አፈር ተንኮሉ እንዲህ ነው። ጨው በውስጡ እስካለ ድረስ ደቃቁ አፈር እርስ በርሱ ተያይዞ ይቆማል፤ ጠንካራ ይመስላል። ንጹሕ ውሃ መጥቶ ጨውን ሲያጥበው ግን ያ ሁሉ ደቃቅ ይላቀቅና ውሃ ይሆናል። ጎጂው ዝናብ ነው እንግዲህ፤ ሌላው ሰው እጁን ዘርግቶ የሚለምነው ዝናብ። አባቴ ቤቱን የሠሩት በጥቅምት ነው። ቤቱ ገና ክረምት አላየም። ይህን ሳስብ ብርጭቆውን አስቀምጬ ስልኬን መፈለግ ያዝኩ፤ አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ሞቅ ያለ ውሃ አመጣችልኝ።

ደወልኩ። ስልኩ አንዳንዴ ይሠራል፣ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ባገኘኋቸው ጊዜ ሁሉ ያንኑ ነገርኳቸው፤ ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነበር። «ድንጋይ ነው ልጄ፣ ስኳር አይደለም» ይሉኛል።

«ድንጋዩን አይደለም የምፈራው አባዬ፣ መሐሉን ነው!»

«አንቺ የማትፈሪው ምን አለ? አብሽሪ፣ በአላህ ተመኪ።»

ሰኔ ሲገባ ደሴ ላይ ደመና ወረደ። የጦሳ ተራራ ጠዋት ተሸፍኖ ይውላል። ከሥራ ስመለስ ሐረጎ ላይ ጭጋጉ መንገዱን ሲውጠው፣ ስለ ገደሉ ማሰብ እንዳቆምኩ አስተዋልኩ። የማስበው ክንድ ሙሉ የሚወፍር ግድግዳ፣ ከሥሩም አንድ አልጋ ነበር። የአስፋልቱ ቦይ ቡናማ ውሃ ይዞ ሲወርድ ሳይ ስልኬን አወጣለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለውን ተረት ደጋግሜ ለራሴ እናገር ጀመር፤ ሰው በፈራ ጊዜ የሚያስፈራውን ነገር ለምን እንደሚደጋግም አላውቅም። በሐምሌ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቄ ወረድኩ።

ከቢስቲማ ስንነሳ ላይኛው አገር በጥቁር ደመና ታስሮ ነበር። ታች ሜዳው ግን ፀሐይ ነው። አንድ ካፊያ ከሁለት ቀን በፊት ጥሎ እንደነበር ከመሬቱ ያስታውቃል፤ ነጩ ቅርፊት ጠፍቷል። የማያውቅ ሰው ጨው የሄደ ይመስለዋል። ወደ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ተመልሶ ይወጣል። መሬቱ አሁን ጥቁር፣ አንሸራታች ሆኖ፣ ሁለቴ ወደቅኩ።

ቤቱን ሳየው ቆምኩ። የአልጋው ራስጌ ያለበት ግድግዳ ሆዱን ገፍቷል። ካፊያው የነካው የውጭ ጎኑ ታጥቦ ድንጋዮቹ እንደ ሳቀ አፍ ጥርስ ገጠው ነበር። ከሥሩ ደግሞ ቀጭን፣ የደረቀ የጭቃ ወንዝ ይታያል።

«አባዬ፣ ዛሬ ከዚህ ቤት ይወጣሉ» አልኩ፣ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ።

«ወዐለይኩም ሰላም» አሉ አባቴ፣ ያልኩትን ትተው ያላልኩትን እየመለሱ። ጎረቤታቸውም እዚያው ነበሩ።

የጓሏን ፈተና ማሳየት አለብኝ አልኩ። ሰው በዓይኑ ያየውን አይክድም። ከግድግዳው ቆንጥሬ፣ «ብርጭቆ ውሃ ይስጡኝ» አልኳቸው። አባቴ ከእንስራው ቀድተው ሰጡኝ። ጓሏን ጨመርኩ። ሦስታችንም አጎንብሰን አየን። ጓሏ ወረደች፣ ሥር ተቀመጠች፣ ቁጭ አለች። ጠበቅን። ምንም የለም። ውሃው ጥርት እንዳለ ነው።

አባቴ ሳቁ። «አየሽ? ወላሂ፣ ከድንጋዩ ጭቃው ይጠነክራል!» ጎረቤታቸውም አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ፊቴ ነደደ። ተሳስቼ ይሆን? ይህን ሁሉ ወር ሰውዬውን ያሸበርኩት በከንቱ ነው? ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ብርጭቆውን አንስቼ ውሃውን ቀመስኩት። የጓሮ ጉድጓድ ውሃ ነው። ጨው ነው፤ ጨዋማ ውሃ ጓል አያላቅቅም።

«የዝናብ ውሃ አለዎት?»

ከቆርቆሮው አፍ ሥር በርሜል ነበር፤ ካፊያው ትንሽ ጥሎበታል። በሌላ ብርጭቆ ቀድቼ ሌላ ጓል ጨመርኩ። ገና ሥር ሳትደርስ መጨስ ጀመረች። ደመናው ወጣ፣ ሰፋ፣ ብርጭቆውን ሞላ። አባቴ ብርጭቆውን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አነሱት። በመሐሉ አጮልቀው እኔን ሊያዩኝ ሞከሩ፤ አልታየሁም።

«ይቺ ያው የኔ ግድግዳ ናት?» አሉ።

«ያው ናት።»

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡ። ጎረቤታቸው ነገሩ ገብቷቸው ቀስ ብለው ወጡ። ያኔ ነው አባቴ የተናገሩት።

«ሌት ሌት ይረግፋል» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። «ኩሽ ኩሽ ይላል። መጀመሪያ አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ አኖርኩ። አንድም አልያዘም። ከዚያ ሲገባኝ ደጅ መተኛት ጀመርኩ። ይቺ ሴትዮ እንዳትስቅብኝ ጎሕ ሳይቀድ ተነስቼ እገባለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ዕድሜሽን ሙሉ አብሽሪ ስልሽ ኖሬ፣ አሁን እኔ ፈራሁ ልበልሽ?»

እንዲህ የደነገጥኩበት ጊዜ የለም። ከግድግዳው ይልቅ ይህ አስፈራኝ። እኔ የምፈራው የማይፈሩ አባት ስላሉኝ ነበር፤ ከኋላዬ የሚይዘኝ አለ ብዬ። ለካ ሁለታችንም ያንኑ ግድግዳ ስንፈራ፣ እሳቸው በሌሊት፣ እኔ በቀን፣ በየፊናችን ነበርን።

«እወጣለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የዐስርን ሶላት ልስገድና እወጣለሁ። አንዲት ሶላት በቤቴ።» ምንጣፋቸውን እዚያው፣ የለመዱት ቦታ ላይ፣ ሆዱን ከገፋው ግድግዳ ፊት ለፊት አነጠፉ። «ደጅ ይስገዱ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ጀምረው ነበር።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ዕቃ ማውጣት ያዝኩ። ያኔ የጎረቤታቸው ድምፅ መጣ፦ «ውሃ! ኧረ ውሃ መጣ!»

ጎርፍ ሲባል የማስበው የሚያገሳ ነገር ነበር። ይህ ድምፅ አልነበረውም። ከወንዙ በኩል ቀጭን፣ ቡናማ ውሃ ገለባና አረፋ እየገፋ፣ ሜዳውን እየዳሰሰ ይመጣል። ሕፃን እንኳ አይፈራውም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነት ነው። ላይ አገር የዘነበው ንጹሕ ዝናብ ነው፤ ብርጭቆዬ ውስጥ ያለው ውሃ። እግሬን አልፎ ወደ ቤቱ ዞረ፤ የግድግዳውን ሥር ሲነካ ከድንጋዮቹ መካከል ወተት የመሰለ ነገር መፍሰስ ጀመረ።

አባቴ ሶላት ላይ ናቸው። ለነፍስ ሲባል ሶላት እንደሚቋረጥ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ። መጮህ ነበረብኝ። ድምፄ አልወጣም። እንደ ሕልም ነው፤ አፌ ተከፍቶ ምንም የለም። አባቴ አጎነበሱ። ከጣሪያው ሥር አንድ ድንጋይ ወጥቶ አልጋው ላይ ዱብ አለ፣ ትራሳቸው ላይ። አባቴ ቀና አሉ፤ ድምፁን ሰምተዋል፣ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ ግን አላቋረጡም። ሶላቱ እንዲያጥር ለመንኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ሱጁድ ወረዱ፣ ግንባራቸውን መሬት ላይ አኖሩ፣ ግድግዳው ደግሞ በላያቸው ላይ ነበር።

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። በሚሰግድ ሰው ፊት አይታለፍም፤ ከልጅነቴ ተነግሮኛል፣ ከእሳቸው ነው የተማርኩት። አለፍኩ። በፊታቸው አልፌ ሁለት እጄን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፣ ልይዘው የምችል ይመስል። ሞቃትና እርጥብ ነበር፤ ከመዳፌ ሥር ተንቀሳቀሰ። ጭቃው በጣቶቼ መካከል ይወጣል። እጄን ግን አላነሳሁም። ከኋላዬ የአባቴ ሹክሹክታ ይሰማኛል፤ እንዲህ ፈጥነው ሲያነቡ ሰምቼ አላውቅም። ወደ ቀኝ ሰላም አሉ። ወደ ግራ ሰላም አሉ። ከዚያ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። በሩን አልፈን ውሃው ውስጥ ተንከባለልን።

የአልጋው ራስጌ ያለበት ግድግዳ ቀድሞ ሄደ። እንደ ዛፍ አልወደቀም፤ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ተለያይተው ወረዱ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ። ቆርቆሮው ላም እንደምትተኛ በፊት ጉልበቱ ተንበረከከና አልጋው ላይ ተኛ። ደቦ የወጣበት፣ ዘመድ የደከመበት ቤት የድንጋይ ክምር ሆነ። ድንጋዮቹ ንጹሕ ነበሩ፤ አንድም የጭቃ ምልክት የለባቸውም። ከወንዝ እንደመጡ ሆነው ተመለሱ።

ጎረቤታቸው አልሳቁም። ከፍ ብሎ ወደተሠራው ጎጆአቸው ወሰዱን፤ ውሃው በሥሩ እያለፈ፣ እኛ ከላይ ቆጥ ላይ ተቀመጥን። «ቤት ይሠራል፤ አብሽር ወንድሜ» አሏቸው አባቴን። አባቴ የእኔን እጅ ይዘው መዳፌ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጣታቸው ይፍቁ ነበር።

ውሃው ጎደለና በሦስተኛው ቀን ደሴ ገባን። ሐይቅ ላይ ሚኒባስ ስንቀይር፣ አባቴ ከቤቱ የተረፈቻቸውን አንዲት ትንሽ ቦርሳ ለማንም አልሰጡም። የተከራየሁት አንድ ክፍል ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ጥጉ ላይ የተላጠ። ስንገባ ዝናቡ ጀመረ። ቆርቆሮው ነጎደ፤ እኔም እንደ ወትሮዬ ጭብጥ አልኩ። «አብሽሪ» እስኪሉኝ ጠበቅኩ። አላሉም። ቦርሳቸውን እንደያዙ፣ በሩ አጠገብ ቆመው ግድግዳውን ያዩ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ተመልሰው የሚወጡ መሰለኝ፤ ከወጡ የት እንደሚሄዱ አላውቅም ነበር፣ እሳቸውም አያውቁም።

ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጥጉ ሄዱ። ቀለሙ ከተላጠበት ቦታ ላይ ጣታቸውን አሻሹ። ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙ።

«አልጫ ነው» አሉ፤ ቦርሳቸውንም አስቀመጡ።